የሞዴል አውሮፕላን ባትሪ ለመሙላት የሚያገለግል ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ

በሬዲዮ ሞገድ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን መሥራትና ማብረር የአየር እንቅስቃሴን፣ የኤሌክትሪክንና የቁጥጥር ሥርዓትን ዕውቀት በተግባር ለመቅሰም ያግዛል። በትምህርት ቤት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበባት፣ በማሠልጠኛ ተቋማትና በግል የፈጠራ ሥራ ለተሠማሩ ወጣቶች ዕቃ ሲገዛ ግን ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በአውሮፕላኑ፣ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው ላይ ያርፋል። ባትሪው በየዕለቱ የሚሞላበት ፓወር ሰፕላይ በግዥ ጥያቄው መጨረሻ ላይ «ባለ 12 ቮልት» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

የዚህ አንድ መስመር ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የተገዛው ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ካነሰ ቻርጀሩ ሥራውን ደጋግሞ ያቋርጣል፤ ዕቃውም ከመጠን በላይ እየጋለ ዕድሜው ያጥራል። ቮልቱ ከቻርጀሩ ወሰን ከበለጠ ቻርጀሩ በመጀመሪያው ቀን ሊቃጠል ይችላል። የኤሌክትሪክ መግቢያው ያልተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚሠሩ ተማሪዎች ለ220 ቮልት ይጋለጣሉ። በመሆኑም ይህ ማብራሪያ መምህራን፣ የክበብ ኃላፊዎች፣ የግዥ ባለሙያዎችና ወላጆች ተስማሚውን ፓወር ሰፕላይ በስሌት እንዲመርጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ሀገር ለማስገባትና ለማብረር የሚያስፈልገው ፈቃድ በሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት የሚታይ የተለየ ጉዳይ በመሆኑ እዚህ አልተካተተም።

የሦስቱ ዕቃዎች ድርሻ

ባትሪ በሚሞላበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃዎች ይገኛሉ፤ እነርሱም ፓወር ሰፕላይ፣ ቻርጀርና ባትሪ ናቸው። የሦስቱን ድርሻ ለይቶ ማወቅ የምርጫው መነሻ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን የ220 ቮልትና የ50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ ዝቅተኛና ወደ ቋሚ፣ ማለትም ወደ ዲሲ፣ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የሚያወጣው ቮልት በአብዛኛው 12 ወይም 24 ነው። ስለ ባትሪው ምንነት፣ ስለ ሴሎቹ ቁጥርም ሆነ ስለ ክፍያ መጠኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

ቻርጀሩ ይህን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለባትሪው በሚስማማው መጠን ያቀርባል። በሞዴል አውሮፕላን በስፋት የሚሠራበት ሊቲየም ፖሊመር፣ በተለምዶ ሊፖ የሚባለው ባትሪ ነው። ቻርጀሩ በመጀመሪያ የተወሰነ አምፔር ሳያዛንፍ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ቮልቱን እዚያው አጽንቶ አምፔሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚህ መካከል በባትሪው ቀጭን የማመጣጠኛ ገመድ በኩል የሴሎቹን ቮልት እየለካ እኩል ያደርጋቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ጥብቅ ነው፦ ሊፖ ባትሪ በማናቸውም ሁኔታ ከፓወር ሰፕላይ ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። ባለ ሦስት ሴል ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ስለሚደርስ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጉዳት አያደርስበትም የሚል ግምት ሊኖር ይችላል። ግምቱ ስሕተት ነው። ክፍያው ያለቀ ባትሪ ወደ 10.5 ቮልት ዝቅ ብሎ ሳለ ከ12 ቮልት ጋር በቀጥታ ቢገናኝ፣ በመካከል ፍሰቱን የሚገድብ ነገር ባለመኖሩ በአሥር የሚቆጠሩ አምፔሮች ሊያልፉበት ይችላሉ። ሴሎቹን የሚያመጣጥንም አይኖርም። የዚህ ውጤት የባትሪው ማበጥ፣ ከዚያም አልፎ መቀጣጠል ነው።

ሌላው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ፓወር ሰፕላይ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አንዳንድ ቻርጀሮች ፓወር ሰፕላዩን በውስጣቸው ይዘው ስለሚሠሩ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። አንድ ወይም ሁለት አነስተኛ ባትሪ ብቻ ላለው ተጠቃሚ ይህ ዓይነቱ ቻርጀር ይበቃል። በሶኬትም በዲሲም የሚሠሩ ቻርጀሮች ግን ብዙ ጊዜ በሶኬት ሲሠሩ የሚሰጡት ኃይል በዲሲ ከሚሰጡት ያነሰ በመሆኑ በመመሪያቸው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች መታየት አለባቸው።

ከባትሪው የሚነሣ ስሌት

ብዙ ገዢዎች ምርጫውን የሚጀምሩት ገበያ ላይ ካለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ተቃራኒው ነው፤ ስሌቱ ከባትሪው ተነሥቶ በቻርጀሩ በኩል አልፎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይደርሳል። መለኪያውም አምፔር ብቻ ሳይሆን ዋት ነው። ቻርጀሩ ቮልትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ በመሆኑ ወደ ባትሪው የሚገባው አምፔርና ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው አምፔር እኩል አይሆኑም፤ ሁለቱን ወገኖች በአንድ መለኪያ ማነጻጸር የሚቻለው በዋት ነው።

ስሌቱ አምስት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛ፣ የባትሪው ሙሉ ቮልት ይታወቃል። ይህም የሴሎቹ ቁጥር በ4.2 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በባትሪው ላይ የሚጻፈው 11.1 ወይም 14.8 ቮልት መካከለኛው ቮልት በመሆኑ ለዚህ ስሌት አያገለግልም።

ሁለተኛ፣ የመሙያው አምፔር ይወሰናል። አምራቹ ከዚህ የበለጠ መፍቀዱን በግልጽ ካልጻፈ በቀር «1 ሲ» በሚባለው መጠን መሙላት የተለመደና ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ነው። «1 ሲ» ማለት ባትሪው የሚይዘው መጠን በአምፔር ሰዓት ተገልጾ፣ ያው ቁጥር የመሙያው አምፔር ሲሆን ነው። ስለዚህ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ2.2 አምፔር ይሞላል፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያለፈ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይባዛሉ። ውጤቱ ወደ ባትሪው የሚገባው ከፍተኛ ዋት ነው።

አራተኛ፣ ብክነትና መጠባበቂያ ይታሰባሉ። ቻርጀሩ ከተቀበለው ኃይል የተወሰነውን በሙቀት መልክ ስለሚያጠፋ ዋቱ ለ0.85 ይካፈላል። ፓወር ሰፕላዩ ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ እንዳይጨናነቅ ደግሞ ውጤቱ በ1.25 ይባዛል። በዚህ መሠረት ዕቃው ሲሠራ ከአቅሙ 80 በመቶ አያልፍም።

አምስተኛ፣ የተገኘው ዋት ለፓወር ሰፕላዩ ቮልት ተካፍሎ የሚያስፈልገው አምፔር ይታወቃል፤ ከዚያም በገበያ ካሉት ቀጥሎ ያለው ከፍ ያለ መጠን ይመረጣል።

ስሌቱን በሦስት ምሳሌዎች ማየት ይቻላል።

ባለ ሦስት ሴል፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት፦ 12.6 ቮልት በ2.2 አምፔር ሲባዛ 27.7 ዋት ይሆናል። ብክነቱ ሲታሰብ 32.6፣ መጠባበቂያው ሲጨመር 40.8 ዋት ይደርሳል። ይህ በ12 ቮልት 3.4 አምፔር ስለሆነ ባለ 12 ቮልት 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ይበቃል።

ባለ አራት ሴል፣ 3300 ሚሊ አምፔር ሰዓት፦ 16.8 ቮልት በ3.3 አምፔር 55.4 ዋት ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ወደ 81.5 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 6.8 አምፔር ነው። ባለ 10 አምፔሩ ተስማሚ ይሆናል።

ባለ ስድስት ሴል፣ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፦ 25.2 ቮልት በ5 አምፔር 126 ዋት ነው። ብክነቱና መጠባበቂያው ሲታከሉ 185 ዋት ይደርሳል። ይህም በ12 ቮልት 15.4 አምፔር፣ በ24 ቮልት ደግሞ 7.7 አምፔር ነው።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ወሰን አለ፤ እርሱም የቻርጀሩ የራሱ አቅም ነው። 80 ዋት ብቻ መስጠት የሚችል ቻርጀር ከየትኛውም ፓወር ሰፕላይ ጋር ቢገናኝ ለባለ ስድስት ሴሉ ባትሪ ከ3.2 አምፔር ገደማ በላይ ሊሰጥ አይችልም። ለእንዲህ ያለ ቻርጀር ከ120 ዋት የበለጠ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ጊዜ አያሳጥርም። ወደፊት ትልቅ ቻርጀር ለመግዛት ከታቀደ ግን ተጨማሪው አቅም በዕቅዱ መሠረት ሊታሰብ ይችላል።

ብዙዎችን የሚያሰጋው «አምፔሩ ከበዛ ቻርጀሩን ያቃጥላል» የሚለው አስተሳሰብም መታረም ይኖርበታል። ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው አምፔር ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ አስገድዶ የሚልከው አይደለም። ቻርጀሩ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። አደጋው ያለው በቮልቱ ላይ ነው፤ ቮልቱ በቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ወሰን ማለፍ የለበትም።

የአንድ ክበብ ምሳሌ

አንድ የትምህርት ቤት ክበብ ባለ ሦስት ሴል፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዙ 12 ባትሪዎች አሉት እንበል። ባትሪዎቹ አንድ በአንድ ከተሞሉ ሥራው ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለው ርዝመት ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል፤ ባትሪው ሰው በሌለበት ሌሊት እንዲሞላ የመተው ፍላጎት ይፈጥራል።

አራት መውጫ ያለው ቻርጀር ከተገዛ ባትሪዎቹ በሦስት ዙር፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላሉ። አራቱ መውጫዎች በአንድነት ሲሠሩ 111 ዋት ይወስዳሉ፤ ብክነቱ ሲታሰብ 130፣ መጠባበቂያው ሲጨመር 163 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት 15 አምፔር፣ ማለትም 180 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ ሥራውን በሚገባ ይሸከማል። በተቃራኒው ክበቡ ለአንዱ ባትሪ ይበቃል በተባለው ባለ 5 አምፔር ዕቃ አራቱንም መውጫዎች ለማሠራት ቢሞክር፣ ቮልቱ ወርዶ ቻርጀሩ የግብዓት እጥረት ምልክት እያሳየ ይቆማል።

ብዙ ባትሪዎችን በአንድ መውጫ ላይ በማገናኛ ሰሌዳ ጎን ለጎን ማያያዝ ሌላው አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ የሴል ቁጥራቸው እኩል ያልሆነ ወይም ቮልታቸው የተራራቀ ባትሪዎች በስሕተት ቢገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ከባድ ፍሰት ስለሚፈጠር ለጀማሪዎችና ለትምህርት ቤት አይመከርም።

12 ወይስ 24 ቮልት

እስከ 150 ዋት ለሚደርስ ሥራ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ በቂ ነው፤ በገበያም በቀላሉ ይገኛል። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ቻርጀሩ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ ባለ 24 ቮልቱ ይመረጣል። ምክንያቱ የአምፔሩ መጠን ነው። በገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከአምፔሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ፣ ደርሶ መልሱ በድምሩ 2 ሜትር በሆነ የመዳብ ገመድ 15 አምፔር ቢያልፍ ወደ 5 ዋት የሚሆን ኃይል በገመዱ ላይ ይቀራል። ያው ኃይል በ24 ቮልት ሲተላለፍ አምፔሩ ወደ 7.5 ስለሚወርድ ብክነቱ ወደ 1.3 ዋት ይቀንሳል። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ አንድ አራተኛ መውረዱን ልብ ይሏል።

ብዙ ቻርጀሮች የሚቀበሉት አምፔር የራሱ ጣሪያ ስላለው በሳጥናቸው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት የሚሰጡት በከፍተኛ ቮልት ሲመገቡ ብቻ ነው። ከ20 አምፔር በላይ የማይስብ ቻርጀር በ12 ቮልት ሊወስድ የሚችለው 240 ዋት ሲሆን በ24 ቮልት ግን 480 ዋት ነው። በአንጻሩ በርካታ አነስተኛ ቻርጀሮች የሚቀበሉት ከ11 እስከ 18 ቮልት ብቻ ስለሆነ 24 ቮልት ያቃጥላቸዋል። የቻርጀሩ መለያ ጽሑፍ ከፓወር ሰፕላዩ በፊት መነበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግዛት በፊት መታየት ያለባቸው

በመርካቶና በሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ገበያዎች ለደህንነት ካሜራና ለኤልኢዲ መብራት ተብለው የሚሸጡ ፓወር ሰፕላዮች ለዚህም ሥራ ይውላሉ። ከመግዛት በፊት የሚከተሉት ነጥቦች ሊታዩ ይገባል።

የግብዓት ቮልት፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ በሀገራችን ኤሌክትሪክ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። አንዳንዶቹ ግን 115 እና 230 የሚል የመምረጫ ማብሪያ አላቸው። በተለይ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለዚያ ሀገር የ120 ቮልት ኤሌክትሪክ ተብሎ 115 ላይ እንደተተወ ሊገኝ ይችላል። ማብሪያው 115 ላይ ሳለ ከ220 ቮልት ሶኬት ጋር ቢሰካ ዕቃው ወዲያውኑ ይበላሻል። ስለዚህ ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ማብሪያው በካቻቢቴ ወደ 230 መዞሩ መረጋገጥ አለበት።

የመግቢያው መሸፈን፦ ቀዳዳ ባለው የብረት ሳጥን የሚመጡት ፓወር ሰፕላዮች የ220 ቮልት ማሰሪያ ብሎኖቻቸው ጎን ላይ የተጋለጡ ናቸው። እነዚህን ለተማሪዎች ጠረጴዛ እንዳሉ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። ወይ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነና የራሱ ገመድ ያለው ይገዛል፣ ወይም በኤሌክትሪክ ባለሙያ በመከለያ ይሸፈናል። በናስትሮ መጠቅለል መከለያን አይተካም።

የመሬት መስመር፦ በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው መስመር በብረት ሳጥኑ ላይ መታሰር፣ የሚሰካበት ሶኬትም ይህ መስመር ያለው መሆን አለበት።

ከፍታ፦ በአንዳንድ አዳፕተሮችና ፓወር ሰፕላዮች ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ይታያል። ትርጉሙ ዕቃው የተረጋገጠው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለው ቦታ ነው ማለት ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ በተጋለጡ የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር መከላከያነትም ይዳከማል። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ለከፍተኛው ሀገራችን ክፍል ሲገዛ እስከ 5,000 ሜትር የተረጋገጠ ዕቃ ማስቀደም፣ የመጠባበቂያውን አቅምም አለመቀነስ ይመከራል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ የአየሩ ሙቀት ራሱ ዕቃውን ስለሚያግል ማራገቢያ ያለው ይመረጣል።

መከላከያ፦ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ግንኙነት መጠላለፍና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲከሰት ራሱን የሚያጠፋ መሆኑ በመለያ ጽሑፉ ወይም በመመሪያው ላይ መገለጽ አለበት።

በእጅ ያሉ አማራጮች

ሁልጊዜ አዲስ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። በቤትና በተቋማት የሚገኙ ዕቃዎች ለዚህ ሥራ ሊውሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን የራሳቸው ገደብ አላቸው።

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፦ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ኮምፒውተር የተወሰደ ፓወር ሰፕላይ በቢጫና በጥቁር ገመዶቹ መካከል 12 ቮልት ይሰጣል። ሆኖም በሳጥኑ ላይ የተጻፈው 300 ወይም 400 ዋት የሁሉም መስመሮች ድምር ስለሆነ የ12 ቮልቱ መስመር አምፔር ለብቻው መነበብ አለበት። አንዳንዶቹ በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ጭነት ከሌለ የ12 ቮልቱን መስመር አያጸኑም። ከሁሉም በላይ ሳጥኑ መከፈት የለበትም፤ በውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

የላፕቶፕ ቻርጀር፦ ብዙዎቹ 19 ወይም 19.5 ቮልት የሚሰጡ ሲሆን አቅማቸው በአብዛኛው 65 ወይም 90 ዋት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት አነስተኛ ባትሪዎች በቂ ኃይል አላቸው። ነገር ግን ከ18 ቮልት በላይ ለማይቀበሉ ቻርጀሮች አይሆኑም፤ ልዩነቱ የአንድ ቮልት ብቻ ቢመስልም ወሰን ወሰን ነው።

የመኪና ባትሪ፦ ኤሌክትሪክ በሌለበት የበረራ ሜዳ ጠቃሚ ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ፣ ጉዳት እንዳይደርስበት ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 360 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባለ ሦስት ሴሉ 2200 ባትሪ ለአንድ ሙሌት ብክነቱን ጨምሮ 29 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ይህ ለ12 ሙሌት ይበቃል። የመኪና ባትሪ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ገመዱ ሲታሰርና ሲፈታ የእሳት ፍንጣሪ እንዳይነሣ መጠንቀቅ፣ በገመዱም ላይ ፊውዝ ማስገባት ያስፈልጋል።

የመኪና ባትሪ መሙያ፦ ይህ ዕቃ በስሙ ምክንያት ብዙዎችን ያሳስታል። ብዙዎቹ የሚያወጡት ኤሌክትሪክ የሚዋዥቅና ያልተስተካከለ በመሆኑ የሊፖ ቻርጀርን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ እንደ ፓወር ሰፕላይ ማገልገል የለበትም።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥና የአያያዝ ጥንቃቄ

በሙሌት መካከል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ባትሪው ከቻርጀሩ ተላቆ፣ የፓወር ሰፕላዩ ስፒና ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልት መዋዠቅ ዕቃውን ሊጎዳ ስለሚችል እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃዎች መታገሥ ይመከራል። በጄኔሬተር ሲሠራም በቅድሚያ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላ ስፒናው ይሰካል።

በሥራ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ይበራል፣ ቀጥሎ ቻርጀሩ የሴሉን ቁጥርና አምፔሩን ይዞ ይዘጋጃል፣ በመጨረሻ ባትሪው ይገናኛል። ቻርጀሩ ከፓወር ሰፕላዩ የሚስበውን አምፔር የሚገድብ ማስተካከያ ካለው፣ ከፓወር ሰፕላዩ አቅም 80 በመቶ ላይ እንዲወሰን ይደረጋል።

የመሙያው ቦታ ከወረቀት፣ ከጨርቅና ከነዳጅ የራቀ፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ገጽ ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። ያበጠ፣ የተመታ ወይም ገና ከበረራ ወርዶ የሚግል ባትሪ አይሞላም። ሙሌት በሚካሄድበት ጊዜ ሁሉ ኃላፊነት ያለበት አዋቂ ሰው በቦታው መገኘት አለበት፤ የትኛውም ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የሰውን ክትትል አይተካም። ባትሪ ጭስ ማውጣት ከጀመረ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ መቁረጥ፣ ተማሪዎችን ከክፍሉ ማስወጣትና ጭሱ መርዛማ ስለሆነ አለመቅረብ ይገባል። በአቅራቢያ የተዘጋጀ ደረቅ አሸዋ እሳቱ እንዳይዛመት ይረዳል። እሳቱ ከባትሪው አልፎ ወደ ሌላ ዕቃ ከተዛመተ ለእሳት አደጋ አገልግሎት ሳይዘገይ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የግዥ ዝርዝር መግለጫ እንዴት ይጻፍ

ተቋማት ግዥ ሲጠይቁ «ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ» ብለው ከጻፉ አቅራቢው ባለ 2 አምፔር ቢያመጣም ጥያቄውን አሟልቷል። ዕቃው ዝቅተኛ ዋጋ በማቅረቡ ተመርጦ፣ ርክክቡም ተፈጽሞ፣ ሥራ ላይ ሊውል ባለመቻሉ በመጋዘን ይቀመጣል። ይህን ለማስቀረት በዝርዝር መግለጫው ላይ ቢያንስ የሚከተሉት ሊሰፍሩ ይገባል፦

የመውጫ ቮልትና ያለማቋረጥ የሚሰጠው አምፔር፣ ለምሳሌ 12 ቮልት፣ ከ15 አምፔር የማያንስ፤

የመግቢያ ቮልት፣ ከ100 እስከ 240 ወይም ከ200 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤

ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ የመሬት መስመር ባለው ስፒና የተዘጋጀ፤

ከአቅም በላይ ጭነትን፣ ግንኙነት መጠላለፍንና ሙቀትን የሚከላከል፤

ዕቃው የሚሠራበትን ቦታ ከፍታ የሚመጥን፤

አብሮት የሚሠራው ቻርጀር ዓይነትና የሚቀበለው የቮልት ወሰን።

በርክክብ ጊዜ ዕቃው ከቻርጀሩና ከባትሪዎቹ ጋር ተገናኝቶ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዙር ቢሞከር መልካም ነው። በሙከራው ወቅት የመውጫው ቮልት ጭነት ላይ እያለ በመለኪያ ይታያል፤ ባለ 12 ቮልቱ ወደ 11 ከተጠጋ አቅሙ እንደተጻፈው አይደለም ወይም ገመዱ ቀጭን ነው ማለት ነው። ሳጥኑ ወይም ማገናኛው እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካሳየም ርክክቡ ምክንያቱ እስኪታወቅ ሊዘገይ ይገባል።

በአጠቃላይ ተስማሚው ፓወር ሰፕላይ በዋጋው ውድነት ወይም በሳጥኑ ትልቅነት አይለይም። የሴሎቹ ቁጥር፣ የባትሪው መጠን፣ የቻርጀሩ ወሰንና በአንድ ጊዜ የሚሞሉት ባትሪዎች ብዛት ሲታወቁ ምርጫው የጥቂት ደቂቃ ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ከግዥ ጥያቄው ጋር አያይዞ ማቅረብ የመንግሥትንና የቤተሰብን ገንዘብ ከብክነት፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ተማሪዎች ደግሞ ከአደጋ ይጠብቃል።